እንቅልፋችንን የወሰደው ጾሙ አይደለም

ረመዳን ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው በየቤታችን የሚደጋገም አንድ ቅሬታ አለ። «ረሃቡንም ጥሙንም ችዬዋለሁ፤ ያቃተኝ እንቅልፍ ነው» የሚል ነው። ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ የሚያንጎላጀው ባለሱቅ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዓይኑ አልገለጥ የሚለው ተማሪ፣ ከአስር ሶላት በኋላ የሳምቡሳ መጥበሻ ፊት ቆማ የምታዛጋው እናት ሁሉም ይህንኑ ይላሉ። ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የሚጣለው በጾሙ ላይ ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። እንቅልፍ የነሳን ከኢፍጣር በኋላ ያለውን ሌሊት የምናሳልፍበት ልማድ ነው። ከጉዳቱም ትልቁ ድርሻ የሚያርፈው በአንድ ሰው፣ በእናት ላይ ነው።

ሂሳቡን እዚሁ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ እንስራው። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይበላለጡም። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ወቅቶችን ሁሉ ቢዞርም የእኛ ጾም 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ 14 አይሞላም። ስዊድንና ኖርዌይ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ረመዳን በሰኔና በሐምሌ ሲውልባቸው ከ18 ሰዓት በላይ ይጾማሉ። ኢሻ ሰግደው ጋደም ሳይሉ ሱሁር ይደርስባቸዋል። እነርሱ እንቅልፍ አጣን ቢሉ ያምርባቸዋል፤ ሌሊቱ ራሱ የለም።

እኛ ግን ሌሊት አለን። በየካቲት መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ፈጅር የሚገባው ደግሞ ለሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በመካከሉ ርዝመቱ ወደ 11 ሰዓት የሚጠጋ ሌሊት ተዘርግቷል። ኢፍጣር ተበልቶ፣ መግሪብና ኢሻ ተሰግዶ፣ ተራዊህ ተጠናቆ ወደ ቤት ሲገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። 4 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለሱሁር ቢነሳ 6 ሰዓት ተኩል ሙሉ ተኝቷል። ከዙህር በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም ቢል 7 ሰዓት ሞላለት ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎች ለአዋቂ ሰው በትንሹ ያስፈልጋል የሚሉት እንቅልፍ ይኸው 7 ሰዓት ነው።

ታዲያ የት ሄደ? ሪያድ በሚገኘው ኪንግ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ የእንቅልፍ ሕክምና ፕሮፌሰር የሆኑት አሕመድ ባሃማም ይህንን ጥያቄ ለዓመታት ሲመረምሩ ቆይተዋል። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የደረሱበት ውጤት ለእኛም ይጠቅማል። ጾመኞች የሚተኙበትና የሚነሱበት ሰዓት እንደወትሮው ሲጠበቅላቸው ጾሙ ብቻውን የሰውነታቸውን የጊዜ ሥርዓት ብዙም አያናጋውም። ጎልቶ የሚታየው መናጋት የሚመጣው ወሩ ሲገባ አብሮ ከሚለወጠው አኗኗር ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ መብራት አብርቶ መቀመጥ፣ ደጋግሞ መብላት፣ ቀኑን ደግሞ በእንቅልፍ መግፋት።

በአንጎላችን ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ሰዓት ቆጣሪ አለች። ከዓይን በሚደርሳት ብርሃን እየተመራች ቀኑንና ሌሊቱን ትለያለች። ይህ ሰዓት በሴሎች ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝንብ ላይ ባደረጉት ምርምር ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ሲመሽ ይህችው ሰዓት በአንጎል መካከል ያለችውን አነስተኛ ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን እንድታፈስ ታዛለች። ሜላቶኒን ከወትሮው የመኝታ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መጨመር ይጀምራል፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ጣራው ላይ ይደርሳል፣ ሲነጋ ይወርዳል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ተራው የኮርቲሶል ነው፤ ሰውነትን አንቅቶ ለሥራ የሚያዘጋጀው ሆርሞን። ሆርሞኔ ተዛብቷል የሚል ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው እነዚህ ሁለቱ በየተራቸው እንዲሠሩ ፈቅጄላቸዋለሁ ወይ ብሎ ነው። የሱረቱ አን-ነበእ መጀመሪያ እንቅልፍን፣ ሌሊትንና ቀንን ከአላህ ጸጋዎች ጋር እየጠራ ለእያንዳንዳቸው የተለየ አገልግሎት እንዳላቸው ያስታውሰናል። የሕክምናው ትምህርት በሜላቶኒንና በኮርቲሶል ቋንቋ የሚነግረን ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሜላቶኒንን የሚያባርረው ብርሃን ነው፤ በተለይም ከስልክና ከቴሌቪዥን የሚወጣው ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን። ከተራዊህ መልስ ሳሎኑ በመብራት ቦግ ብሎ፣ ቴሌቪዥኑ የረመዳን ተከታታይ ድራማ እያሳየ፣ እያንዳንዱ ልጅ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ከተቀመጠ የአንጎሉ ሰዓት ገና አልመሸም ብላ ታምናለች። መብራት በጠፋበት ምሽት ቤተሰቡ ሁሉ እንዴት በጊዜ እንደሚተኛ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ለመብራት ኃይል ምስጋና ማቅረባችን ግን አይደለም።

ስለ ቡና ስናነሳ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በሲዳማ ምድር ተቀምጦ «ቡና አትጠጡ» የሚል ጽሑፍ አንባቢ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። ጥያቄው ሰዓቱ ነው። ቀን ስንለፋ በአንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን እርሱ ነው። ካፌይን የሚሠራው የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ በመያዝ ነው። ድካሙ አልጠፋም፤ ወሬው ብቻ አልደረሰንም። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ደግሞ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በነፍሰ ጡር ሴት ከዚያም ይረዝማል። ከተራዊህ በኋላ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ረከቦቱ ተዘርግቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተጠጣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የዚያ ሁሉ ግማሽ ገና ደማችን ውስጥ እየዞረ ነው። ስለዚህ ቡናው ከኢሻ በፊት ወደ ኢፍጣሩ ይጠጋ፣ ስኒውም ይቀነስ እንላለን። ከተራዊህ በኋላ ለመጫወት አብሽ ወይም ቀለል ያለ የዝንጅብል መጠጥ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት ራስ ምታት የሚያሰቃያቸው ወገኖችም አብዛኛውን ጊዜ የሚታመሙት ቡና በድንገት ስለተቋረጠባቸው ነው። መፍትሔው በሻዕባን ወር ውስጥ ስኒውን ቀስ በቀስ እየቀነሱ መምጣት ነው።

ጫቱን ደግሞ በቡና ልክ ልናስታምመው አንችልም። ለዒባዳ ያነቃኛል እየተባለ ከተራዊህ በኋላ ተጀምሮ ሱሁር ድረስ የሚዘልቅ በርጫ በብዙ ሰፈር አለ። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን አንጎልን የሚቀሰቅስበት መንገድ ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው። እንቅልፍን ያርቃል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ውጤቱን እናውቀዋለን፦ ሱሁሩ በቅጡ ሳይበላ ፈጅር ይገባል፣ ከፈጅር በኋላ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፣ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል፣ ዙህር ያልፋል። ለዒባዳ የተባለው ንቃት የፈርዱን ሰዓት ከበላ ምኑ ላይ ነው ጥቅሙ?

ምግቡን በአጭሩ እንለፈው። በተምርና በውሃ ተፈጥሮ፣ ሾርባ ተጠጥቶ፣ መግሪብ ተሰግዶ ከዚያ ረጋ ብሎ የሚበላ እራት ሆድንም እንቅልፍንም አያስቸግርም። ችግር የሚሆነው በዘይት የተጠበሰው፣ ጣፋጩና ለስላሳው ተደራርቦ ሊተኛ ሲል ዳግም የሚቀርበው ገበታ ነው። ቃር ይዞት የሚገላበጥ ሰው ጥልቅ እንቅልፍ አያገኝም።

የዚህ ሁሉ ልማድ ጉዳት ሲሰማን መፍትሔውን ብዙዎቻችን የምንፈልገው በብልቃጥ ውስጥ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የሜላቶኒን ጽላት ይልካሉ። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመደርደሪያ ላይ ተነስቶ የሚገዛ ሲሆን እንግሊዝ ውስጥ ግን በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጽላቱ የሚያደርገው «መሽቷል» የሚል መልእክት ማስተላለፍ ነው፤ ስልኩ ፊታችን ላይ እየበራ ያንን መልእክት መዋጥ ግን ትርጉም የለውም። ከዚያም የባሰ አለ። ሆርሞን ያስተካክላል፣ ተፈጥሯዊ ነው እየተባለ ምን እንደተቀላቀለበት ያልተጻፈበት ዱቄት በየቦታው ይሸጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ እንደ ዳያዜፓም ያለ የእንቅልፍ መድኃኒት ደግሞ ሱሁር ላይ አልነቃ ያሰኛል፣ ሱስም ያስይዛል። ጥቁር አዝሙድና ማር በቤታችን የከበረ ቦታ አላቸው፤ ቡናና ስልክ የወሰዱትን እንቅልፍ ይመልሱልን ብሎ መጠበቅ ግን ከአቅማቸው በላይ መጠየቅ ነው። ተፈጥሯዊው መንገድ ጨለማ፣ ፀጥታና የማይለዋወጥ የመኝታ ሰዓት ነው። ስለማይሸጥ ማስታወቂያ የለውም።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በረመዳን ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሰዓት ይተኛል ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው። እናትን ለይተን ብንጠይቃት መልሱ ሌላ ነው። የኢፍጣሩን ዕቃ አጣጥባ፣ ልጆቹን አስተኝታ፣ ለነገ የሚቦካውን አቡክታ ጎኗን የምታሳርፈው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ምድጃ ለመለኮስ የምትነሳው 9 ሰዓት ላይ። ሦስት ሰዓት ተኛች ማለት ነው። አንድ የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ነውና ሁለት ዙር ብቻ፤ እርሱም ሕፃን ካላለቀሰ። ከፈጅር በኋላ ሌላው ተመልሶ ሲጋደም እርሷ ተማሪ ታዘጋጃለች። ከዙህር በኋላ የኢፍጣሩ ሥራ ይጀምራል። ሥራ ውላ የምትመጣ ከሆነች ደግሞ ያ ሁሉ ከአስር በኋላ ባለችው ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።

እንዲህ ለ30 ቀን የከረመ ሰውነት ምን እንደሚሆን ይታወቃል። እንቅልፍ ሲያንስ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ሌፕቲን ይቀንሳል፣ ሴሎች ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል፣ ማታ ሊወርድ የሚገባው ኮርቲሶል ከፍ ብሎ ይቆያል። በረመዳን ወፈርኩ የምትል እናት ሁልጊዜ ብዙ በልታ ላይሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ትዕግስት ያልቃል። የትዕግስት ወር በምንለው ወር ከመግሪብ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት በየቤቱ የሚሰማው ቁጣ ከየት እንደሚመጣ ብናስተውል ብዙው ከረሃብ ይልቅ የእንቅልፍ እጦት ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህ የእርሷ ብቻ ችግር ተደርጎ መተው የለበትም፤ ቤቱ ሥራውን እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ነገር ነው። የሱሁር ምግብ በሌሊት የግድ አዲስ መሠራት የለበትም። ከኢፍጣሩ ጋር አብሮ የበሰለውን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ማሞቅ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያንን ለማድረግ ደግሞ እናት መሆን አያስፈልግም። አባት ወይም የደረሰ ልጅ ተነስቶ ሻዩን ጥዶ ምግቡን አሙቆ ሌላውን ይቀስቅስ። የኢፍጣሩን ዕቃ ወንዶቹም ሴቶቹም ልጆች ተራ ገብተው ከተራዊህ በፊት ይጠቡት። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ወንድሞች እንደማይጠፉ እናውቃለን። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር የተጠየቁት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ከዚህ በኋላ የሚቀርበው የባህል ሰበብ ብዙ ርቀት አይወስድም።

የሱሁሩ ሰዓት ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። አንዳንድ ቤት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነስቶ በልቶ ተመልሶ ይተኛል፤ እንቅልፉ ለሁለት ተቆርጦ ቆይቶ ፈጅር ላይ ሦስተኛ ይቆረጣል። ሱንናው ግን ሱሁርን ማዘግየት ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱሁርና በፈጅር ሶላት መካከል የነበረው ጊዜ 50 አንቀጽ የሚቀራበት ያህል እንደነበር ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ለእንቅልፍ ሲታሰብ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ያልተቆራረጠ ሌሊት ይገኛል። ጥልቁ እንቅልፍ የሚበዛው በመጀመሪያው ሲሶ ነው፤ የልጆች የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚፈሰውም በዚያ ጊዜ ነው። እርሳቸው ከኢሻ በፊት መተኛትንና ከኢሻ በኋላ ወሬ ይዞ መቀመጥን ይጠሉ እንደነበርም በታመኑ የሐዲስ መጻሕፍት ሰፍሯል። የሌሊቱን መርሐ ግብር ለማውጣት ይህ ብቻውን ይበቃል ብንል አልተጋነነም።

ቀይሉላ፣ ማለትም የቀትር ጋደም ማለት፣ ሱንናም መድኃኒትም ነው፤ ልኩን ካወቀ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ከአስር በኋላ ሁለት ሰዓት ተኝቶ ለመግሪብ የሚነሳ ሰው ሌሊት ዓይኑ ቢፈጥ አይደነቅ፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ቀድሞ በልቶታል። ጠዋትም ከፈጅር በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ጥቂት ደቂቃ ከቤት ወጣ ማለት የአንጎሉን ሰዓት ያስተካክልለታል። ወደ ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ወረድ ብሎ መመለስ ለእኛ ከተማ ሰው ከባድ አይደለም።

ስለ ልጆች ግን እንጠንክር። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ጾም ያልደረሰበትን ልጅ ለሱሁር መቀስቀስ በጣም ያጓጓዋል፤ ለአንድ ሁለት ቀን ደስታ ነው፣ ለወር ግን በትምህርቱ ላይ ይወጣበታል። በጁምዓና በቅዳሜ ሌሊት ይነሳ፣ ሌላውን ይተኛ። ለሚጾሙት ታዳጊዎች ደግሞ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር።

ክፍለ ከተማችን እንደ ስሙ የመኪና ሰፈር ነውና ስለ ሹፌሮች ዝም ብንል ይወቅሰናል። ገና ጎህ ሲቀድ ረዳቶቹ ሻሸመኔ፣ ዲላ፣ አዲስ አበባ እያሉ ይጣራሉ። ከመሪው ኋላ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ሱሁር በልተው በቀጥታ የመጡ ጾመኞች ናቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ፣ ለ17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመሳስሎ ተገኝቷል። አልኮል በአፉ ዞሮ የማያውቅ ወንድማችን በእንቅልፍ እጦት ብቻ እንደ ጠጪ ሊነዳ ይችላል ማለት ነው። ሌሊቱን በበርጫ ያሳለፈውን አስቡት። እንቅልፍ በጣም የሚጫጫነው ንጋት ሊሆን ሲልና ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ከመግሪብ በፊት ቤት ለመድረስ የሚደረገው የባጃጅና የሚኒባስ ሩጫ ሌላው አደገኛ ሰዓት ነው። ዓይኑ የከበደው ሹፌር መስኮት ከፍቶ ነፋስ ከመቀበል ይልቅ መኪናውን አቁሞ 20 ደቂቃ ይተኛ። ተሳፋሪውም አይቆጣው። የመኪና ባለንብረቶችም በዚህ ወር የማለዳውንና የማታውን ጉዞ በአንድ ሰው ላይ ባይጭኑ ለንብረታቸውም ይበጃል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ እህቶቻችን ቀን የሚተኙበት ቤት መጋረጃው የጠቆረ፣ ጎረቤቱም ድምፅ የሚቀንስ ቢሆን የሌሊት እንቅልፋቸውን በከፊልም ቢሆን ይተካላቸዋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ልማድን ይመለከታል። ልማድ የማያስተካክለው የእንቅልፍ እጦትም አለ። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሆርሞን ሲያመነጭ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰው ይከሳል፣ እንቅልፍም ይጠፋል። በ50 ዓመት አካባቢ የወር አበባቸው ሊቋረጥ የተቃረበ እናቶች ኤስትሮጅን ሲዋዥቅባቸው ሌሊት ሙቀት እየነሳቸው ተገላብጠው ያድራሉ፤ ይህን አፍረው ለማንም አይናገሩም። ኃይለኛ ማንኮራፋት እያለበት በመሃል ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰውም ሐኪም ማየት አለበት። በሳምንት 3 ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ 3 ወር የሞላው ሰው ረመዳን እስኪያልፍ እያለ አይጠብቅ። የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ለጾሙ ብሎ በራሱ ከማዛወሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሃይማኖቱ ፈቃድ ሰጥቷል።

«ታዲያ የሌሊት ዒባዳውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን ሊጎበኙ ሄደው ያጋጠማቸውን ማስታወስ ይጠቅማል። አቡ ደርዳእ ቀኑን ይጾማሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ፤ ባለቤታቸው ኡሙ ደርዳእ ራሳቸውን ጥለው ነበር። ሰልማን በመጀመሪያው ሌሊት ሊቆሙ ሲነሱ ተኛ አሏቸው፤ ደግመው ሲነሱም ተኛ አሏቸው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ አሁን ተነስ ብለው አብረው ሰገዱ። ለጌታህም፣ ለነፍስህም፣ ለቤተሰብህም የሚገባውን ስጥ የሚል ምክራቸውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጽድቀውታል። በታሪኩ ውስጥ እኛ ደጋግመን የምናልፋት ሰው አለች፤ የድካሙን ዋጋ የከፈለችው የቤቱ እመቤት።

የመጨረሻዎቹ 10 ሌሊቶች ሲገቡ ሂሳቡ ይለወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእነዚህ ሌሊቶች ቤተሰባቸውን ይቀሰቅሱ ነበር። ቤተሰብ ሲባል እናት ትገባበታለች። ለይለቱል ቀድርን ፈልጎ አባት መስጂድ ሲያድር እርሷ ማጀት የምታድር ከሆነ ግን ቅስቀሳው ለማን ነበር? ስለዚህ የዒድ ልብስ ግዢው እስከ 20ኛው ቀን ይጠናቀቅ። የኢፍጣሩ ገበታ በእነዚያ 10 ቀናት ወደ ሾርባ፣ ተምርና አንድ ወጥ ይቀነስ፤ እንግዳ ቢመጣም ይህንኑ ይብላ። ከዙህር በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት መጀመሪያ ለእናት ትሰጥ፣ በሩም ይዘጋላት። በአንደኛው ሌሊት አባት ልጆቹን ይዞ ቤት ይደር፣ በቀጣዩ እርሷ ትደር። የትኛው ሌሊት የማን እንደሆነ በ19ኛው ቀን ኢፍጣር ላይ ልጆቹ ፊት ይነጋገሩበት።